ጃንጥላ ለገብርኤል፣ ዘይት ለፔጆ

አቦ፣ እኛ ቤት ያልተበላሸ ነገር ማሠራት የጤና አይባልም። ጣራው ካላፈሰሰ ቀና ብሎ የሚያየው የለም፤ ቧንቧው ጎረቤት እስኪሰማው ካልተንጠባጠበ ጎሚኒ የሚገዛለት የለም። ከሁሉ የሚብሰው የመኪናዋ ነገር ነው። ቀፊራ ገበያ መሐል ቆማ፣ ከኋላዋ ባጃጅ ተሰልፎ ጡሩምባውን እያስጮኸ፣ እንጨት የጫነች ግመል ዞር ብላ ካልታዘበቻት በቀር ደህና ናት። «ትነሣለች አይደል?» ይለኛል ልጄ። አዎ፣ ትነሣለች። እኔም በየጠዋቱ እነሣለሁ፤ ጉልበቴ ሲንቋቋ የሰማ ግን ደህና ነው ብሎ አይመሰክርልኝም።

አንድ ቅዳሜ «ሰርቪስ አስደረግኋት» ብሎ መጣ። ደስ ብሎኝ ከተኛሁበት ተነሣሁ። ለካ አስታጥቧት ነው! ዳሽቦርዱ ቅባት ተቀብቶ ያብረቀርቃል፣ መስተዋቱ ላይ የሎሚ ሽታ ያለው ካርቶን ተንጠልጥሏል፣ ጎማው ሳይቀር ጥቁር ተቀብቷል፤ ጥርሱ ያለቀ ጎማ። ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያውን መዘዝኩ፣ በጨርቅ ጠረግኩ፣ መልሼ ከትቼ እንደገና መዘዝኩ። ከታችኛው ምልክት በታች ነው። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለችው ጠብታ ደግሞ ለመንገድ ሥራ የምትሆን ሬንጅ ናት። «ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት። «እሱማ ውስጥ ነው፣ ማን ያየዋል?» አለኝ። ይህን የሚለኝ ዩኒቨርሲቲ የበጠሰ ሰው ነው።

እኔ ምድር ባቡር ያሳደገኝ ሰው ነኝ። የድሬዳዋው አቴልዬ ውስጥ ዋናው ሥራችን ያልተበላሸ ሎኮሞቲቭ መፍታት ነበር። መዝገቡ ላይ የተጻፈው ኪሎ ሜትር ሲሞላ ይገባል፤ ቢያፏጭም፣ ቢዘፍንም፣ ሹፌሩ «ምንም የላትም» ብሎ ቢምልም ይገባል። ፉርጎ ሲቆም ረጅም እጀታ ባለው መዶሻ መንኰራኵሩን እየመታን እናዳምጥ ነበር፤ ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀ ድምፁ ይታፈናል። አለቃ በፈረንሳይኛ ይሳደባል፣ እኛ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ እንመልስለታለን፤ ሥራው ግን በሰዓቱ ይሠራል። ዛሬ ያንን ልማድ ይዤ የመኪናዋን የጎማ ቡሎን በቁልፍ ኳ ኳ እያደረግኩ ጆሮዬን ስሰጥ የልጅ ልጆቼ በስልክ ይቀርጹኛል። አንደኛው «አባባ ከመኪናዋ ጋር እያወራ» ብሎ ለጓደኞቹ ልኮታል አሉ። ይላክ። እሷ ቢያንስ ትመልስልኛለች።

ስለ መኪናዋ ልንገራችሁ፤ ማንነቷን ሳያውቁ የሚንቋት በዝተዋል። ፔጆ 404 ናት። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጧት፣ ቅርጿን የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የሣለው። ሞተሯ 1,618 ሲሲ ነው፤ እሱም እንደ ሌላው ሞተር ቀጥ ብሎ አልቆመም፣ 45 ዲግሪ ወደ ጎን ጋደም ብሏል። ከሰዓት በኋላ ጋደም ለሚባልበት ለእኛ ከተማ ከዚህ የተሻለ ሞተር ማን ያመጣል? ይቺ የምትንቋት መኪና የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች፤ በጭቃው፣ በአቧራው፣ በአራዊቱ መሐል። ሐረር ወጥታ ደግሞ ታክሲ ሆና ትውልድ አመላልሳለች። ባትሪዋ ቢሞት ማኖቬላ አላት፤ ከፊት ሰክቶ አንድ ጊዜ ማሽከርከር ነው። የዛሬው መኪና ባትሪው ሲሞት ሬሳ ነው፤ በሩም አይከፈት።

ፋኗም ብልሃት አላት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ራሷን አላቅቃ ታርፋለች፣ ሲሞቅ ትያያዛለች። በዘመኑ ዓለም ያደነቀው ነገር ነው። እዚህ ግን በግንቦት ወር አርፋ ያየኋት ቀን የለም፤ ፋብሪካው ድሬዳዋን ቢያውቅ ኖሮ ያችን ብልሃት ለማስገባት ባልደከመ።

እንዲህ ያለች እመቤት ታዲያ ወግ ትፈልጋለች። ዘይቷ በጊዜው ይቀየር፣ ፊልትሮዋ ይለወጥ፣ ካንዴላዋ ወጥቶ ይጠረግ፣ ፑንቲናዋ ይታይ፣ ከሥር ያሉት መገጣጠሚያዎቿ ግሪስ ይጠጡ። ይህ ሁሉ ስትቆም የሚሠራ አይደለም፤ እንዳትቆም የሚሠራ ነው። ይህችን አንዲት ነገር ለማስረዳት ጥርሴን ጨረስኩ። «ምን ሆነች?» ይሉኛል። ምንም አልሆነችም! ምንም ስላልሆነች እኮ ነው!

የጉሎውን ጉድ ስሙ። የ404 የኋላ ዲፈረንሻል እንደ ሌላው መኪና ጥርስ በጥርስ አይደለም፤ ጠመዝማዛ ብረት ከነሐስ ጥርስ ጋር እየተፋጨ ነው የሚያዞረው። ለእሱ ፋብሪካው ያዘዘው ዘይት ደግሞ ከጉሎ የሚሠራ ነበር። ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ፤ ሻጮቹ «የምን ፔጆ?» እያሉ ይስቃሉ፤ አንዱ የቪትዝ ዘይት ሊሸጥልኝ ሞከረ። ተናድጄ ወደ ቀፊራ ገባሁ። መቼም ቀፊራ የጠፋ ነገር ሁሉ ማደሪያ ነው። በዚያ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ በተሠራው ቅስት ሥር አልፌ፣ ሽንኩርቱን፣ ዕጣኑን፣ የእርዱን ብናኝ እያስነጠሰኝ አቋርጬ አንዲት ጠርሙስ የደረደረች ሴትዮ ጋ ደረስኩ።

«ጉሎ አለሽ?»

«አለ። ለምጣድ ነው ለፀጉር?»

«ለዲፈረንሻል።»

ትንሽ አሰበች። ጭንቅላቴን አየችው፤ ፀጉር የለም። ከዚያ ሆዴን አየችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለሆድህ ከሆነ አባባ፣ አንድ ማንኪያ ይበቃሃል፤ አታብዛው» አለችኝ። አጠገቧ ቲማቲም የምትሸጠዋ በእንፉቅቅ ተጠግታ «እኔ ደግሞ ለአባቴ በሎሚ ነው የሰጠሁት» ብላ ጨመረችበት። በኋላም ሦስተኛዋ መጣች። በሽታዬ ገበያውን አዳረሰ። (አንቱታማ እዚህ ከተማ ጠብቄም አላውቅ። በድሬ ሽማግሌም አንተ፣ ሕፃንም አንተ ነው፤ ክብሩ «አባባ» የምትለዋ ውስጥ ነው ያለው፤ ለእኔ በቂዬ ነው።)

ጠርሙሱን ይዤ መካኒኩ ጋ ስሄድ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የፋብሪካው ተጣርቶና ተቀምሞ የወጣ እንጂ እናቶች የጨመቁት አይደለም፣ ይኼን ብጨምርባት ነሐሱ ያዝናል አለኝ። እሱስ እውነቱን ነው። ጠርሙሱ ወደ ቤት ተመለሰ፤ ባለቤቴ ወሰደችው። ይኸው ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ውስጥ ሳያሰልስ ዘይት የሚያገኝ የእሷ ፀጉር ብቻ ነው።

ወደ ሞተሩ ዘይት ልመለስ። ተራው የማዕድን ዘይት አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ሲንተቲክ የሚባለው አሥር ሺህም ከዚያም በላይ ይሄዳል ይላሉ። ልጄ ይቺን ከየት እንደሰማ አላውቅም፣ አጥብቆ ይዟታል። «አምስት ሺህ አልሞላችም» ይለኛል በጠየቅሁት ቁጥር። እንዴት ትሞላ! ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ከቆመ ዓመት አልፎታል። በቆጣሪው ከሄድን ይቺ መኪና ለልጅ ልጆቼ ልጆችም አምስት ሺህ አትሞላም።

የመኪና መመሪያ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያውቃል፤ የሰርቪስ ሰሌዳው ሁለት ዐምድ ነው። አንደኛው በደህና አየርና በደህና መንገድ ለሚነዳ። ሁለተኛው ለክፉ ሁኔታ፤ ሙቀት፣ አቧራ፣ አቀበት፣ ከባድ ጭነት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ የሚያልቅ አጭር ጉዞ። በሁለተኛው ዐምድ ዘይቱም ፊልትሮውም ቀድሞ ነው የሚቀየረው። እንግዲህ ፍረዱኝ፦ ከቤታችን ቀፊራ አጭር ጉዞ ነው፣ ከቀፊራ ከዚራ አጭር ጉዞ ነው፤ አቧራውን የደቻቱ ወንዝ ያመጣልናል፣ ሙቀቱን ፀሐይ፣ አቀበቱን ደንገጎ፣ ጭነቱን ደግሞ የባለቤቴ ዘመዶች። ያ ሁለተኛው ዐምድ ድሬዳዋን እያየ የተጻፈ ነው የሚመስለኝ። (ደቻቱን ካነሣሁ አይቀር፣ ስለ አሸዋው አጉረመርማለሁ እንጂ ስለ ውሃው አልቀልድም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በሌሊት መጥቶ የወሰደብንን ሰው ይህ ሰፈር ያውቃል።)

ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዘይቱ ዋጋም ሌላ ጣጣ ሆኗል፤ የሚሸጠው ልጅ ዋጋውን ሲነግረኝ መሬት መሬት እያየ ነው። ይህን ለልጄ አዝንለታለሁ። ግን ሞተር ማስወረድ ስንት እንደሆነ ጠይቆ ያውቃል? በሰፈራችን የእኛን ዘይት መቀየሪያ በጉጉት የሚጠብቁት ጎረቤቶቻችን ብቻ ናቸው፤ ምስጥ አለባቸው። የተቃጠለ ዘይት ለበራቸው መቃንና ለአጥራቸው ቋሚ ይፈልጋሉ። ጀሪካን ይዘው መጥተው «እንዴት ነው፣ ዘንድሮም አትቀይሩም?» ይሉኛል። ምስጡ እንኳ ቀጠሮ ያከብራል።

ራዲያተሩን ሳላነሣ ብቀር ኃጢአት ይሆንብኛል። የድሬን ውሃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከባድ ነው፣ ኖራ አለበት። ማንቆርቆሪያችሁን አዙራችሁ ውስጡን እዩ፤ ያ ነጭ ቅርፊት ምንድን ነው? ያው ቅርፊት የራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል፤ ውሃው መንገድ ያጣል፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ሞተሩ ይፈላል። ለዚህ ኩላንት የሚባል ነገር አለ፤ ኩላንት ካልተገኘም ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ወይ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይሻላል። ልጄ ግን በሃይላንድ ጠርሙስ ከቧንቧ ቀድቶ ያንቆረቁርላታል። ሲጎድል ይጨምራል፣ ሲጎድል ይጨምራል፤ ወዴት ነው የሚጎድለው ብሎ አይጠይቅም። በዚያ ላይ እየፈላች ክዳኑን በሸሚዙ ይዞ ሊከፍት ሲል አንድ ቀን በከዘራዬ እጁን መትቼዋለሁ። ያ የታመቀ ውሃ ክዳኑ የላላ ዕለት ፊት ይልጣል። ቂም ይዞብኛል፤ ፊቱ ግን ደህና ነው።

መካኒኩ ጥሩ ልጅ ነው። ከገበያው ራቅ ብሎ ኒም ዛፍ ሥር ነው የሚሠራው፤ እጁ ወርቅ ነው፣ ሞተር ሰምቶ በሽታ ያውቃል። ችግሩ ጠዋት ብቻ መካኒክ መሆኑ ነው። ከስድስት ሰዓት በኋላ በዚህ ከተማ ቡሎን የሚፈታ ክንድ የለም። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ቁልፉ እጅ ያቃጥላል፣ ሰውም በርጫ ላይ ነው። ይህን አልነቅፍም፤ የአገሩ ወግ ነው፣ እኔም በጉብዝናዬ ቀርቼ አላውቅም። ግን ምርቃናው ሲመጣ መካኒኬ መሐንዲስ ይሆናል። ሞተሯን ወደ ናፍጣ ሊለውጥልኝ፣ ኤርኮንዲሽን ሊገጥምላት፣ ጣራዋን ቆርጦ ክፍት ሊያደርጋት ዕቅድ ያወጣል፤ እኔም ከጎኑ ትራስ ተደግፌ አብሬው እስማማለሁ። ቀጠሮ ይሰጠኛል፦ «ነገ በማለዳ፣ በአላህ ስም!» በማለዳው ስሄድ ዓይኑን እያሸ «የምን ጣራ?» ይለኛል። እኔ እኮ የፈለግሁት ዘይትና ፊልትሮ ነበር።

እንደ ምንም በሰዓቱ የደረሰ ቀንም ሌላ ፈተና አለ። ያልተበላሸ መኪና ሲያዩ እጃቸው ይፈታል። «ምኗ ነው?» ይላል ረዳቱ። «ምንም።» «ታዲያ ምን ልሥራ?» ዘርዝሬ እነግረዋለሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን መቆጣጠር አለብኝ፤ ዘይት መቀየርን የሚያህል ቀላል ሥራ ላይ የማፍሰሻውን ቡሎን ከልክ በላይ አጥብቆ ጥርሱን የሚበላ አለ፣ ጓርኒሲዮኑን ረስቶ የሚገጥም አለ፣ ዘይቱን ለውጦ ፊልትሮውን «ገና ነው» ብሎ አሮጌውን የሚተው አለ። ገላውን ታጥቦ ያንኑ ሸሚዝ መልበስ ነው እሱ። ስለዚህ በርጩማዬን ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። አይወዱትም። «አባባ፣ ሻይ ጠጥተህ ና» ይሉኛል። ሻዩን እዚያው አስመጣለሁ።

በዓመት አንድ ጊዜ ግን ቤተሰቡ በሙሉ መካኒክ የሚሆንበት ሰሞን አለ፤ የቦሎ ሰሞን። ምርመራው ደረሰ ሲባል ሲሞት የከረመው ፍሬቻ አምፖል ይገዛለታል፣ የጠፋው ሦስት ማዕዘን ይፈለጋል፣ ዓመቱን ሙሉ ዓይኗ የጠፋው ፋናዋ ይበራል። እሳት ማጥፊያዋን ደግሞ ከጎረቤት እንዋሳለን። እሱም ከሌላ ጎረቤት ተውሷት ነው። ያቺ አንዲት ቀይ ጠርሙስ ሰፈሩን በሙሉ ስታስመረምር ትውላለች፤ የማን እንደሆነችም የሚያስታውስ የለም። እሳት ቢነሣ የት እንዳለች የሚነግረን ባላውቅም፣ ቦሎ ግን አስለጥፋልናለች። ተለጥፎ ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ እጁን አራግፎ «በቃ፣ ለዘንድሮ ተገላገልን» ይላል። እኔ ገና መጀመሩ ነበር የመሰለኝ።

ታላቁ የልጅ ልጄ ሰሞኑን መፍትሔ ይዞልኝ መጥቷል፤ የኤሌክትሪክ መኪና። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ካገደ ወዲህ ወሬው ሁሉ እሱ ነው። «ዘይት የለ፣ ፊልትሮ የለ፣ ካንዴላ የለ አባባ፤ የምትጨቃጨቅበት ነገር አይኖርም» አለኝ። ልብ በሉ፣ ይህን እንደ ምሥራች ነው የነገረኝ። ቢሆንም የፍሬን ዘይት አላት፣ ጎማ አላት፣ ባትሪዋን የሚያቀዘቅዝ ውሃ አላት ብዬ አፉን አስያዝኩት፤ ትንሽ ተስፋ አገኘሁ። እሱ ግን ቀጠለ። ከደንገጎ ወደ ታች ስትወርድ ሞተሯ ራሱ እየያዘ ባትሪዋን ይሞላል አለኝ። እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት! ያ ቁልቁለት ዕድሜ ልኬን ሸራ ሲበላብኝ፣ ጎማ ሲበላብኝ፣ ነርቭ ሲበላብኝ ኖሮ፣ ለእነሱ ሲሆን ይከፍላቸዋል? ፍትሕ የት አለ?

ደንገጎ ካልኩ ዘንድ ታሪኩን ማወቅ ጥሩ ነው። ድሬዳዋ ራሷ እዚህ የተቆረቆረችው ደንገጎ ስለከበደ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው፤ መሐንዲሶቹ ተራራውን ቀና ብለው አይተው፣ ወጪውን አስልተው ከሥሩ ቀሩ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፣ ከተማም ሆነ። ደንገጎ ከ1,200 ሜትር ግድም ተነሥቶ 2,000 ሜትርን አልፎ የሚወጣ፣ እጥፍጥፍ ያለ አቀበት ነው። እንግዲህ የፈረንሳይ መሐንዲስ ከነሎኮሞቲቩ የሸሸውን ዳገት ልጄ በዚያ ሬንጅ በሆነ ዘይት፣ ዘጠኝ ሰውና አንድ በግ ጭኖ ሊወጣው ያስባል። መቼ? ለቁልቢ።

የታኅሣሥ 19 ነገር በእኛ ቤት ከኅዳር ጀምሮ ነው የሚወራው። ራስ መኰንን ለዐድዋ የተሳሉትን ስለት ለመክፈል አሠሩት የሚባለው የቁልቢ ገብርኤል ስለት ሰሚ ነው፤ አልከራከርም። ዘንድሮ ባለቤቴ ጃንጥላ ተሳለች። «ለምን?» ብላት «መኪናዋ በሰላም ወጥታ በሰላም እንድትመለስ» አለችኝ። የጃንጥላውን ዋጋ ስሰማ ትን አለኝ። የፍሬን ዘይቱን፣ የሞተር ዘይቱንና ፊልትሮውን ገዝቶ ለመካኒኩ የሻይ የሚተርፍ ገንዘብ ነው። «እቴ፣ ገብርኤልን ለምን ታስቸግሪዋለሽ? እኛው የምንችለውን እንሥራ፣ የማንችለውን እሱ ይጨምርበት» አልኳት። «ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣ ይቺን ያቅተዋል?» አለችኝ። አያቅተውም። ግን እኮ ሠለስቱ ደቂቅ ራዲያተር አልነበራቸውም! ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

እኔን ያሰጋኝ መውጣቱ አይደለም፤ መውጣቱ ቢበዛ ያፈላል። መውረዱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየጠጣ ይኖራል፤ ለዚህ ነው በሁለት ዓመት ግድም ይቀየር የሚባለው። እርጥበት የጠጣ ዘይት ፍሬኑ ሲግል ቶሎ ይፈላል፣ ሲፈላ አረፋ ያወጣል። አረፋ ደግሞ ስትረግጠው ይታመቃል እንጂ ፍሬን አይዝም፤ ፔዳሏ ያለ ምንም ተቃውሞ ወለሉን ትስማለች። ለዚህ ነው ማርሽ አስሮ መውረድ የሚያስፈልገው፣ ለዚህ ነው ቁልቁለቱ ላይ የተቃጠለ ሸራ የሚሸትተው። ለልጄ ይህን ሁሉ አስረዳሁት። ኮፈኑን ከፍቶ ዕቃውን አየና «ሙሉ ነው» አለኝ። ሙሉ መሆኑን መች ጠየቅኩት!

ስለዚህ የቁልቢው ጉዞ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ ወጥቼ የስፒንተሮጂኖውን ክዳን ከፈትኩና ሮተሯን ነቀልኩ። የአውራ ጣት የምታህል ዕቃ ናት፤ ያለ እሷ እሳት ወደ ካንዴላ አይደርስም። በካኪ ኮቴ ኪስ ከትቼ ተኛሁ። ጠዋት ልጄ ቁልፍ ቢያዞር፣ ቢያዞር፣ ወይ ፍንክች። ማኖቬላ ተሞከረ። ተገፋች። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ገፋት፤ ባለቤቴ ጃንጥላዋን ይዛ ቆማ «በስመ አብ» ትላለች። እኔ በረንዳው ላይ ሻዬን እጠጣለሁ።

መካኒኩ ተጠራ። ጠዋት ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ክዳኑን ከፈተ፣ ባዶውን ቦታ አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ወደ በረንዳው አየኝ። እኔም አየሁት። ብልህ ልጅ ነው ብያችኋለሁ። ወደ ልጄ ዞሮ «ነገሩ ከባድ ነው፣ ከሥሯ ጀምሮ መታየት አለባት» አለው። ልጄ ፊቱ ጠቆረ። የሞተር ዘይቱ ተቀየረ፣ ፊልትሮው ተቀየረ፣ ካንዴላው ወጥቶ ተጠረገ፣ ፑንቲናው ተስተካከለ፣ ራዲያተሩ ታጥቦ ኩላንት ገባበት፤ የፍሬኑ ዘይት ጥቁር ቡና ሆኖ ወጥቶ ማር የመሰለ ገባ። ጎረቤቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ደረሱ። በርጩማዬን አውጥቼ ከፊት ለፊቱ ተቀምጬ አየሁት፤ «ሻይ ጠጥተህ ና» ያለኝ አልነበረም።

በመጨረሻ ሊያስነሣት ሲል ዞር ብሎ ውሃ ጠየቀኝ፤ ብርጭቆውን ሳቀብለው ሮተሯን አብሬ በእጁ አሾለክኩለት። ተነሣች። እልልታው ቀለጠ፤ ባለቤቴ ወደ ቁልቢ አቅጣጫ ሰገደች፣ ልጄም ሒሳብ ጠየቀ። መካኒኩ በወረቀት ጽፎ ሰጠው። ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ኩላንት፣ የእጅ ዋጋ። ከሥር ደግሞ አንድ መስመር ተጨምራለች፦ «ሮተር፣ አዲስ።»

ልጄ ከፈለ። የገዛ ሮተራችንን በገንዘቡ ገዛት። እኔ ምን ልናገር እችላለሁ? ማታ በርጫው ላይ መካኒኩን ለብቻው ያዝኩና ግማሹን ጠየቅሁት፤ በምርቃናው ሙሉውን ሊሰጠኝ ማለልኝ። በማለዳው ስሄድ ዓይኑን እያሸ «የምን ሮተር?» አለኝ።